ስግድ ላይ ስልኩ ሲጨናነቅ

ከቃታሞኒም ተነስቶ ለስግድ ወደ አርሞን ሃናጺብ የሚወጣ ሰው ነገሩን ያውቀዋል። ሕዝቡ ከየከተማው በአውቶቡስ መጥቶ ኮረብታው ሲሞላ ስልክ ይዳከማል። ልጅ እናቱን በሕዝቡ መሀል አጥቶ ይደውላል፣ አይገባም። ደግሞ ይደውላል። ሁሉም ሲደጋግም መጨናነቁ ይብሳል። ጾሙን ሳይፈታ ፀሐይ ላይ የቆመ አዛውንት ቢደክም ታዲያ ልጆቹን ማን ይጠራለታል?

«ካምፓኒዎቹ አንቴና ይጨምሩ» የሚል ብዙ ነው። ልክ ነው፤ ለዕለቱ በመኪና የሚቆም አንቴና መጠየቅ አለበት። ግን አየሩ የጋራ ነው። በአንድ ሞገድ ሁለት ስልክ እኩል ከተናገረ የሁለቱም ላይሰማ ይችላል። በሽማግሌ ፊት ተራ ለምን እንደሚጠበቅ ለእናንተ አይነገርም።

በጥቅምት 1986 እ.ኤ.አ. በካሊፎርኒያ፣ በርክሊ፣ እጅግ የሚቀራረቡ ሁለት ተቋማትን የሚያገናኝ የኮምፒውተር መስመር በሰከንድ ከ32 ሺህ ቢት ወደ 40 ቢት ወረደ። መስመሩ አልተበጠሰም፤ ኮምፒውተሮቹ መልስ ሲዘገይባቸው ያንኑ እየደጋገሙ ስለላኩ ነው የታፈነው። ቫን ጃኮብሰን የሚባል ተመራማሪ በ1988 መፍትሔውን አሳተመ፦ መልእክቱ የጠፋበት ኮምፒውተር ራሱ ፍጥነቱን ይቀንስ፣ መንገዱ ሲከፈት ቀስ እያለ ይጨምር። ዳኛ የለበትም። ኢንተርኔት እስከ ዛሬ በዚሁ ሐሳብ ይሄዳል።

ያለ አንቴና ከስልክ ወደ ስልክ የሚያቀባብሉ መተግበሪያዎችም አሉ፤ በ2014 የሆንግ ኮንግ ሰልፈኞች ፋየርቻት የሚባለውን ተጠቅመዋል። ወጣቶቻችን ቢሞክሩት ደስ ይለናል። ሆኖም እዚያ እያንዳንዱ ስልክ የጎረቤቱንም ሸክም ስለሚሸከም ከአጭር ጽሑፍ በላይ ብዙ አይችልም።

ስለዚህ አባቶችና እናቶች፣ ልጆች የሚሰሙት እናንተን ነውና ከበዓሉ በፊት በየቤቱና በየጸሎት ቤቱ ተናገሩልን። ጸሎት ላይ በስልክ ቀጥታ ቪዲዮ መልቀቅ ይቅር። የጠፋ ሰው የሚፈልግ አንድ አጭር መልእክት ጽፎ ይጠብቅ፤ ከጥሪ ይልቅ እሷ ታልፋለች። ቤተሰብ መገናኛ ቦታውን አውቶቡስ ሳይሳፈር ይስማማ፣ የልጅ ስልክ ቁጥር በወረቀት ተጽፎ በአዛውንቱ ኪስ ይግባ።

«ጎንደር ያለው ወገናችን በቀጥታ ማየት ይፈልጋል» ይባል ይሆናል። እውነት ነው፣ የሚጠብቅ ዘመድ አለን። ለእሱ ከመድረኩ የሚያስተላልፍ አንድ ካሜራ ይበቃዋል፤ የእጅ ስልኩን ቪዲዮ ማታ ከቤት መላክ ይቻላል።