ምቀኛው ሁልጊዜ ጎረቤት ነው

ከሜክሲኮ ወደ ቄራ የሚጭኑ ታክሲዎችን ከኋላ ልብ ብሎ ላየ ሰው «ምቀኛ አታሳጣኝ» የሚል ተለጣፊ አዲስ ነገር አይደለም። ቀልድ ነው ይባላል። ቀልድ ከሆነ ደግ፤ ነገር ግን በየመድረኩ የምንሰማው ስብከት ከዚህ ቀልድ ብዙም አይርቅም። «አለኝ፤ ስላለኝ ይቀኑብኛል፤ ከቀኑብኝ ደግሞ መባረኬ ተረጋገጠ።» በዚህ ሒሳብ ስስት በረከት ተብሎ ይጠራል፣ ቅናት የሌላ ሰው በሽታ ይሆናል። ክርስትና ሁለቱንም የሚፈልጋቸው ከራስ ልብ ውስጥ ነው። እኛ ግን ሁለቱንም ከደጃፋችን ውጭ አስቀምጠን፣ በሩን ዘግተን እንጸልያለን።

በአዳራሾች ውስጥ «ነቢይ» የተባለው ሰው ሲናገር ከሁሉ የሚበዛው ትንቢት መኪና፣ ቪዛና ቤት ነው። እነዚህ ሳይመጡ ሲቀሩ ጥፋቱ የነቢዩ አይሆንም፤ «በቅርብህ ያለ አንድ የሚቀናብህ ሰው» ይፈለጋል። የእኛ የኦርቶዶክሳውያኑም ቤት ከዚህ አይሻልም። ጠበል ቦታ አጥማቂው ርኩሱን መንፈስ «ማን ላከህ?» ብሎ ይጠይቀዋል፤ በታማሚዋ አፍ «ጎረቤቷ»፣ «የባሏ እህት» የሚል መልስ ይመጣል፤ ካሜራው ይቀርጻል፤ ማታ ዩቲዩብ ላይ ይወጣል። የተጠቆመችው ሴት ስሟ ባይጠራ እንኳ ሰፈሩ ያውቃታል፤ ከዚያ በኋላ ቡና የሚጠራት የለም። ሰይጣን የሐሰት አባት መሆኑን ወንጌል እየነገረን፣ የእርሱን ምስክርነት አምነን በጎረቤታችን ላይ የምንፈርደው በየትኛው ሕግ ነው? ፍርድ ቤት የማይቀበለውን ምስክር ቤተ ክርስቲያን ቅጥር ውስጥ እየሰማነው ነው።

ስብከቱም ቢሆን አመል አውጥቷል። ስለ ዮሴፍ በተሰበከ ቁጥር ጉባኤው ሁሉ ዮሴፍ ነው። ጉድጓድ የተጣለው እኔ፣ የተሸጥኩት እኔ፣ በመጨረሻም ግብጽ ላይ የምሾመው እኔ። ካባውን የገፈፉት ወንድሞች ግን ከጉባኤው መካከል አንድም አይገኙም። የብዙዎች ታሪክ በአንዱ ልጅ ታሪክ ተውጦ ሲቀር፣ ሰባኪው የዘለለው ትምህርት ትንሽ አይደለም። ዘፍጥረት ያን ምዕራፍ የሚተርከው የወንድሞቹንም ልብ አብሮ እየገለጠ ነው፤ በኋላም ወደ ንስሐ የሚደርሱት እነርሱ ናቸው።

ሌላም ነገር አለ። መጽሐፍ ቅዱስ ውስጥ የጎረቤቱን ርስት የተመኘው ድሃ አልነበረም። የናቡቴን ወይን ቦታ ባለማግኘቱ እህል አልበላም ብሎ አልጋው ላይ የተኛው ቤተ መንግሥት ያለው አክዓብ ነው። እኛ አገር ግን ቅናት ሁልጊዜ የሌለው ሰው ኃጢአት ተደርጎ ነው የሚታየው። ቀጥቃጩን፣ ሸክላ ሠሪዋን፣ ሸማኔውንና ቤተ እስራኤሉን «ቡዳ ነው» ብሎ ያገለለው ያው አስተሳሰብ ነው፤ መሬት የተነፈገው ሰው መሬት ያለውን በዓይኑ በላ ተብሎ ተከሰሰ። ዐፄ ምኒልክ በ1900 ዓ.ም. ባወጡት ዐዋጅ ባለ እጅን በሙያው መስደብን ከልክለው ነበር፤ ስድቡ ግን ዐዋጁን አልፎ እስከ ዛሬ ዘልቋል። ዛሬም ደመወዝ ይጨመርልኝ ያለ ሠራተኛ፣ የኪራዩ ጭማሪ በዛ ያለ ተከራይ «ቀንተህ ነው» ሲባል እንሰማለን። የፍትሕን ጥያቄ ቅናት ብሎ መጥራት ለስስታም ሰው ምቹ መሸሸጊያ ነው።

«ታዲያ ምቀኛ የለም ልትል ነው?» የሚለኝ አይጠፋም። አለ እንጂ! ጲላጦስ እንኳ ክርስቶስን አሳልፈው የሰጡት በቅናት መሆኑን ዐውቆ ነበር፤ በሰሙነ ሕማማት እየሰገድን የምንሰማው ታሪክ ነው። ነገር ግን በዚያ ቅናት የተገደለው ጌታ በመስቀል ላይ «አሳፍርልኝ» አላለም፤ ይቅር በላቸው ብሎ ለመነላቸው። የእርሱ ነን የምንል ሰዎች የተማርነው ጸሎት ግን ጠላት ሲወድቅ የሚታይበት ነው።

ወደ ቄራ እንመለስ። ዐሥርቱ ትእዛዛት አትመኝ ብለው ከሚዘረዝሯቸው ነገሮች አንዱ የባልንጀራ በሬ ነው፤ በዓል ሲደርስ ደግሞ በዚህ ሰፈር ከበሬ በቀር ወሬ የለም። ጋዜጠኞች የከብት ገበያውን በየዋዜማው ይጎበኛሉ፤ ለተመልካች ቀድሞ የሚነገረውም የትልቁ ሰንጋ ዋጋ ነው። «በስንት ገዛኸው?» የበዓል ሰላምታ ሆኗል። ጾሙም ቢሆን ስስትን እንዲገራ የተሠራ ነበር፤ ዐቢይ ጾም 55 ቀን ሙሉ ሥጋ ቤቱን ዝም ያሰኘዋል። ሆኖም በቅበላ ሰሞን የቁርጡን ሰልፍ፣ በፋሲካ ዋዜማ የሰንጋውን ፉክክር ያየ ሰው፣ አንዳንዶቻችን የጾምነው ለመንደርደር እንደሆነ ቢጠረጥር አይፈረድበትም።

እዚያው ቄራ ግን መድኃኒቱም አለ፤ ቅርጫ ይባላል። ገንዘብ አዋጥተው አንድ በሬ የሚገዙ ጎረቤቶች ሥጋውን መደብ በመደብ ይከፍሉታል። ለያንዳንዱ መደብ ከሽንጡም፣ ከዳቢቱም፣ ከጎድኑም፣ ከጉበቱም፣ ከጨጓራውም ይደርሰዋል። ከፋዩ ቢላውን ይዞ ሳለ የትኛው መደብ የእርሱ እንደሚሆን አያውቅም፤ ስለዚህ ሲያመዛዝን እጁ ይጠነቀቃል። በመጨረሻ እያንዳንዱ ምልክቱን ይሰጣል፤ ቁልፍም ይሁን ጠጠር፣ የማን እንደሆነ ያላየ ሰው በየመደቡ ላይ ያኖረዋል። ባለ ብዙ ገንዘቡም ሆነ ተበድሮ ያዋጣው በዚያ መደብ ፊት እኩል ናቸው። ስስት ምርጫ አያገኝም፤ ቅናትም የሚይዘው ሰበብ ያጣል። ሐዋርያት በይሁዳ ፈንታ ማትያስን የተኩት በዕጣ ነበርና ነገሩ ለክርስቲያን እንግዳ አይደለም። ቅርጫ ንጹሕ ነው ማለቴ አይደለም። በሬ ግዛ ተብሎ ተልኮ ከደላላው ጋር የሚመሳጠር አለ፤ «የእኔ አጥንት በዛበት» ብሎ ዓመት ሙሉ የሚያኮርፍም አለ። ቢሆንም ሥርዓቱ ሰውን ከራሱ ምኞት ስለሚጠብቀው፣ ስለ ምቀኛ ከሚወጡ መቶ ስብከቶች ይበልጥብኛል።

ዕጣ ሲነካ ምን እንደሚሆን ደግሞ ከተማችን አይታዋለች። በሐምሌ 2014 ዓ.ም. በአዲስ አበባ ከ25 ሺህ በላይ የጋራ መኖሪያ ቤቶች ዕጣ ወጣ። ብዙዎቹ ተመዝጋቢዎች ከ1997 እና ከ2005 ዓ.ም. ጀምሮ ሲቆጥቡ የኖሩ ናቸው። በቀናት ውስጥ ግን የከተማው አስተዳደር መረጃው ተዛብቷል ብሎ ዕጣውን ሰረዘው፤ የተጠረጠሩ ኃላፊዎችና ባለሙያዎችም ታሰሩ። የዚያን ጊዜ የቆጣቢውን ቤት ያስቀረው የጎረቤት ዓይን አልነበረም፣ የባል እህትም አልነበረችም። በምቀኛ ላይ የሚጮኸው መድረክ ሁሉ ስለዚህ ስስት ምን ያህል ሰበከ?

ቅርጫ ደግሞ ጎረቤት ይፈልጋል። በ2017 ዓ.ም. ካዛንቺስ ሲፈርስ ነዋሪው ወደ ገላን ጉራና ወደ ሌሎች ቦታዎች ሄዷል፤ በአንድ በሬ ላይ ዕጣ የሚጣጣሉ ሰዎች ተበታትነዋል። ሰው አዲስ ሰፈር ሲገባ የሚቀድመው ጥርጣሬ ነው፤ ጠበል ቦታ «ጎረቤቷ» ሲባል የሚያምነውም እንዲህ ያለው ጎረቤቱን ያላወቀ ሰው ነው።

እናም መምህራን፣ በመጪው ሑዳዴ ዮሴፍን ስትሰብኩ ወንድሞቹንም ከጉባኤው መካከል አስነሡልን። ነፍስ አባቶች፣ የንስሐ ልጃችሁ የምቀኞቹን ዝርዝር ይዞ ሲመጣ አስቁማችሁ እርሱ ራሱ በማን እንደቀና ጠይቁት። ከጎረቤትሽ ጋር በዩቲዩብ ቃል ተኳርፈሽ ያለሽ እህቴ፣ ለፋሲካው ቅርጫ አስጠሪያት፤ መደቧም ካንቺ መደብ ጎን ይውጣ።