በጭቃ ማላከክ

ሰኔ ሲገባ የወተት ላሞች ማነከስ ይጀምራሉ። የባለቤቶቹ መልስ ቀድሞ የተዘጋጀ ነው፤ «ጭቃው ነው።» ሐኪም ይጠራል፣ ላሟ ኦክሲ ወይም ፔንስትሬፕ የሚባል አንቲባዮቲክ ትወጋለች፣ ካልተሻላት ለሉካንዳ ትሸጣለች። ከሱሉልታ እስከ ቢሾፍቱ ባየኋቸው በረቶች ነገሩ ከዚህ አያልፍም።

ጭቃው ነጻ ነው አልልም፤ እርጥበት ሰኮናን ያለሰልሳል። በጣቶቿ መሀል ቆስላ፣ እግሯ አብጦ፣ ትኩሳት ከያዛትም መርፌው ተገቢ ነው። የሚያንገበግበኝ ያነከሰች ላም ሁሉ፣ እግሯን ማንም አንስቶ ሳያየው፣ መወጋቷ ነው። መርገጫዋ በጫና ለቆሰለ ላም አንቲባዮቲክ ምን ይፈይዳል? የተወጋች ላም ወተት ደግሞ ለቀናት መሸጥ አልነበረበትም። ይሸጣል። «ወተቱ አልረጋ አለኝ» የምትል የቤት እመቤት ውሃ ጨመሩበት ብላ ታማለች፤ እኔ መርፌውንም እጠረጥራለሁ።

ባለፈው ክረምት መግቢያ ቢሾፍቱ ዳር አንድ በረት ገባሁ። ስምንት የፈረንጅ ክልስ ላሞች በአጭር ገመድ ታስረው ባዶ ሲሚንቶ ላይ ቆመዋል፤ የኋላ እግራቸው የሽንት ቦዩ ውስጥ ነው። ዳር ያለችው ጀርባዋን አጉብጣ ግራ እግሯን ታነሳለች፣ ታሳርፋለች፣ ደግሞ ቀኙን። የሰኮናዋ ጫፍ ረዝሞ ወደ ላይ ተቆልምሟል። «አርጅታ ነው» አሉኝ ባለቤቱ። የወለደችው ሦስቴ ነው።

ሰኮና በወር ወደ 5 ሚሊ ሜትር ያድጋል። ሜዳ የምትውል የሀበሻ ላም ስትሄድ ድንጋዩ ይሞርድላታል፤ የታሰረችው ግን በዓመት 6 ሴንቲ ሜትር ያህል የሚያድገውን ሰኮና በበቂ የሚሞርድላት የላትም። የጋሪ ነጂ እንኳ ፈረሱ ሲያነክስ መጀመሪያ ኮቴውን ያነሳል። እኛ የወተቱን ባልዲ እናያለን እንጂ ወደ ታች አናይም። ያ «ዘመናዊ» የተባለ ወለል ለማጠብ ይመቻል፤ ለመተኛት ግን አይመችም። ላም በቀን 12 ሰዓት ያህል መተኛት ትፈልጋለች፤ ሰጋቱራ ወይም ጭድ ካልተነጠፈላት ረጅም ሰዓት ቆማ ትቆያለች። በተለይ ወሊድ ሲቃረብ በሰኮናዋ ውስጥ አጥንቱን አንጠልጥሎ የያዘው ጅማት ይላላል፤ የዚያን ጊዜ ሲሚንቶ ላይ የቆመችውን ከወራት በኋላ ስታነክስ እናገኛታለን።

ይህ የጊዜ ርቀት ነው ሁላችንንም የሚያሞኘን። ዛሬ የተጎዳ ሰኮና ቁስሉን የሚያሳየው ሁለት ወር ያህል ቆይቶ ነው። እንግዲህ ከሰኔ ወደ ኋላ ይቁጠሩ። በሁዳዴ ወተት ገዢ ስለሚያጣ ፉርሽካና ፋጉሎው ይቀነሳል፤ ፋሲካ ሲደርስ በአንድ ጊዜ ይከመራል። ሳይለማመድ እህል የተሞላ ጨጓራ አሲድ ይበዛበታል፤ ጣጣው ሰኮናውን እስከሚያበቅለው ስስ ሥጋ ይወርዳል። መኖው በሁለት ሦስት ሳምንት ቀስ እያለ ቢጨመር፣ ጭድና ድርቆሹ ባይጓደል፣ ሰኮናውም በዓመት ሁለቴ በሚያውቅ ሰው ቢከረከም፣ ወጪው ከአንዲት ክልስ ላም ዋጋ ጋር አይወዳደርም።

ባለቤቱን፣ «ፉርሽካውን መቼ ጨመሩ?» አልኳቸው።

«ፋሲካ ዋዜማ ነዋ!» አሉኝ በጥያቄዬ እየሳቁ። «ወተት የሚሸጠው ያኔ አይደል?» መስኮቱ ላይ ባዶ የመድኃኒት ጠርሙሶች ተደርድረዋል። ዳር ያለችው ላም እግሯን ቀየረች።