እንደምን ከረማችሁ?

አንባቢዎቼ ሆይ፣ እንደምን ከረማችሁ?

ይህን ሰላምታ በዓመት ውስጥ ስንት ጊዜ እንደምንለዋወጠው የሚቈጥር ሰው ያለ አይመስለኝም። በመሥሪያ ቤት ደረጃ ላይ፣ በአውቶቡስ ፌርማታ፣ በለቅሶ ቤትና በሠርግ ቤት፣ ከተለየነው ጥቂት ሳምንት የሆነውን ሰው ሁሉ «እንደምን ከረምህ?» እንለዋለን። እርሱም «እግዚአብሔር ይመስገን» ይላል፤ ከዚያ በኋላ ወደየጉዳያችን እንገባለን። ነገር ግን ዛሬ ዝናቡ የቤቴን ቆርቆሮ እየቀጠቀጠ ከቤት አላስወጣ ስላለኝ፣ ቃሉን ጥቂት አገላብጬ ላየው ወደድሁ።

ከረመ ማለት ክረምትን አሳለፈ ማለት ነው። በበጋም ቢሆን የምንጠያየቀው «ክረምቱን እንዴት ተወጣኸው?» እያልን ነው። አባቶቻችን ሰላምታውን ከዚህ የቀዱት፣ በጋውን ማለፍ ለማንም አይከብድም፤ ሰው የሚፈተነው በክረምት ነው ብለው ይመስለኛል። የሚመጣውንም ዓመት «ከርሞ» እንለዋለን። «ለከርሞ ያድርሰን» ስንል የምንለምነው ሌላ ክረምት እንድናይ ነው። ስለ ከርሞ ግን ኋላ የምነግራችሁ አለኝ።

በቤተ ክርስቲያን አቈጣጠር ዘመነ ክረምት ከሰኔ 26 እስከ መስከረም 25 ነው። ከተማሪዎቼ አንዱ፣ «የፈረንጅ መጽሐፍ ክረምትን ከታኅሣሥ ጋር አያይዞ በረዶ ያለብሰዋል፤ የእኛ ክረምት ለምን በሐምሌ ሆነ?» ብሎ ጠይቆኛል። እውነቱን ለመናገር ሁለቱ የሚገናኙት በመዝገበ ቃላት ውስጥ ብቻ ነው። የእነርሱ ክረምት ምድር የምትተኛበት ነው፤ የእኛ ክረምት ምድር የምትፀንስበት ነው። በእኛ አገር ሌሊቱ የሚያንቀጠቅጠው ሰማዩ ጠርቶ ውርጭ በሚወርድበት በኅዳርና በታኅሣሥ ነው። በሐምሌ ያጣነው ፀሐይን ነው።

እንግዲህ እኛ የከተማ ሰዎች እንዴት እንደምንከርም ሁላችሁም ታውቃላችሁ። ጃንጥላ ገዝተን በሳምንቱ ታክሲ ውስጥ እንረሳለን። ጫማችንን በጠዋት አስጠርገን መሥሪያ ቤት ስንደርስ ጭቃ ለብሶ እናገኘዋለን። ማታ ስንመለስ በመንገድ ዳር ከሰል አያይዛ በቆሎ ከምትጠብስ ሴት ዘንድ ቆመን፣ እጃችንን እያሞቅን ዋጋ እንከራከራለን። የመንግሥት ሠራተኛው ሰኔ 30 በጀት ተዘግቶ ትንፋሹን የሚሰበስበው በዚህ ጊዜ ነው። የሕዝብ ተወካዮች ምክር ቤት እንኳ በሕገ መንግሥቱ መሠረት ሥራውን የሚጀምረው በመስከረም ወር የመጨረሻ ሳምንት ሰኞ ሲሆን፣ የሚያበቃው ሰኔ 30 ነው። ፍርድ ቤትም ለጥቂት ሳምንታት ከመደበኛ ችሎት ያርፋል። ትምህርት ቤት ይዘጋል፤ ተማሪው ይበተናል፤ መምህሩም እንደ እኔ መስኮት ሥር ተቀምጦ ዝናብ ይቈጥራል። ባጭሩ፣ የተማረ ሰው ሁሉ በክረምት ያርፋል።

ይሁን እንጂ ይህን ሁሉ ሰው የሚያበላው ገበሬ ከዓመት እስከ ዓመት እጅግ የሚደክመው በዚሁ ወራት ነው። ጎተራውም እጅግ የሚጎድለው በዚሁ ወራት ነው። ያለፈው አዝመራ አልቋል፤ የሚመጣው ገና ቡቃያ ነው። ለዘር የተቀመጠችው እህል በቤት ውስጥ አለች፤ ልጆችም በቤት ውስጥ አሉ። እናት ሁለቱን እያየች ታድራለች። እኛ እረፍት የምንለው ወር ለወላጆቻችን የፈተና ወር ነው።

የተወለድሁበት አገር ጅሩ ነው፤ በሰሜን ሸዋ፣ በበዓል ገበያ ሰንጋው የሚወራለት ጅሩ። አፈሩ ጥቁር ነው፤ በበጋ እጅ እስኪያስገባ ይሰነጠቃል፤ በክረምት ውኃ ይዞ አልለቅም ይላል። ውኃው ካልተጠነፈፈ ስንዴው ሥሩ በስብሶ ይቀራል። ስለዚህ በእነዋሪ አካባቢ የቆየ ልማድ አለ። በሬ ካረሰ በኋላ ቤተ ሰቡ በሙሉ፣ ሴቱም ልጁም፣ ጐንበስ ብሎ ጭቃውን በእጁ እያፈሰ ሰፋ ያለ መደብ ይሠራል፤ በመደቡና በመደቡ መካከል ውኃው የሚወርድበት ቦይ ይወጣል። አንድ ማሳ በዚህ ዓይነት ሲያልቅ ወገብ የሚሉት ነገር የራስ መሆኑ ይቀራል።

የኮሌጅ ተማሪ ሳለሁ፣ በአንድ ሐምሌ መግቢያ፣ መጻሕፍቴን በቦርሳ ይዤ፣ ነጭ ጫማ ተጫምቼ አገሬ ገባሁ። ማታ እሳት ዳር ተቀመጥን። አባቴ፣ እናቴ፣ ታላቅ ወንድሜና የዘጠኝ ዓመት ልጁ ነበሩ። ወንድሜ ውኃ ያራሰውን እግሩን ወደ ፍሙ ዘርግቶ፣ «እንደምን ከረምህ፣ ወንድሜ?» አለኝ። እኔም ስለ ፈተናው፣ ስለ መኝታው ክፍል ጠባብነት፣ ስለ ምግብ ቤቱ ወጥ ቅጥነት አንድ ሰዓት ያህል ተናገርሁ። ከዚያም አልፌ ስለ ሕዝብ፣ ስለ ልማትና ስለ ገጠሩ ኑሮ መለወጥ በኮሌጅ የተማርሁትን ለገጠሬዎቹ አስረዳሁ። እነርሱም እንደ ስብከት አዳመጡኝ። «አንተስ፣ ጋሼ፣ እንደምን ከረምህ?» ማለት በፍጹም ትዝ አላለኝም።

በማግሥቱ ጠዋት ከደጃፍ ቆሜ ሳይ፣ ወንድሜ፣ እናቴና ያቺ ሕፃን በጥቁሩ ጭቃ ውስጥ ተጐንብሰው መደብ ያበጃሉ። ልወርድ ስል እናቴ ቀና ብላ፣ «አንተ እዚያው ሁን ልጄ፣ ጭቃው ያበላሽሃል» አለችኝ። በፍቅር ያለችው ነው። እኔን ግን ወጋኝ፤ በተወለድሁበት ቤት እንግዳ መሆኔን ያን ጊዜ ዐወቅሁና። ጫማዬን አውልቄ ገባሁ። አንድ ሰዓት ሳይሞላ ወገቤ አልታዘዝ አለኝ። ወንድሜ ሳቀና፣ «ይህን በኮሌጅ አያስተምሩም?» አለኝ።

ዝናብ ሲጥል ግራር ሥር ተጠጋን። እዚያ ነው ያጫወተኝ። እርሱ ሰባት ዓመት ሲሞላው ትምህርት ቤት በአቅራቢያ ተከፍቶ ነበር። አባታችን፣ «ዘንድሮ ከብት የሚጠብቅ የለኝም፤ ለከርሞ ትገባለህ» አሉት። በከርሞው በሬ ሞተ፤ «ለከርሞ» አሉት። በሦስተኛው እናታችን ታመመች፤ «ለከርሞ» አሉት። እንዲህ እንዲህ ሲል እርሱ ማረሻ ለመጨበጥ ደረሰ፤ እኔም ለትምህርት ደረስሁ። የሚያርስ ሰው በቤት ስለ ነበረ እኔ ተላክሁ። «ስንት ከርሞ እንዳለፈ እቈጥር ነበር፤ አሥራ አንድ ሲሆን ተውሁት» አለኝ። ቍጣ በድምፁ አልነበረም። የሚያሳፍረኝም ይኸው ነው።

ቀጥሎም፣ ሌላ ነገር እንደሚናገር ሰው፣ «ይህችንም ልጅ በመስከረም ከትምህርት ላቈያት ነው፤ የሚያርምልኝ ሰው የለም። ለከር…» አለና አፉ ላይ ቀረ። የገዛ አባቱን ቃል ከገዛ አፉ ሰማው። ሁለታችንም ዝም አልን። ዝናቡ ብቻ ይናገር ነበር።

አንባቢዎቼ ሆይ፣ ይህን የምነግራችሁ አባቴን ለመክሰስ አይደለም። አባቴ ራሳቸው ፊደል የቈጠሩት በክረምት ነው። የመሠረተ ትምህርት ዘመቻ ሐምሌ 1 ቀን 1971 ዓ.ም. ሲጀመር፣ ከከተማ የመጣ ወጣት ዛፍ ሥር አስቀምጦ እንዳስተማራቸው እስከ ዛሬ ያወራሉ። ያ ወጣት ክረምቱን ማረፍ ይችል ነበር። እንግዲህ የትምህርትን ዋጋ ሳያውቁ ቀርተው አይደለም ልጃቸውን ያስቀሩት፤ ሁለት በሬና ሁለት ልጅ ያለው ሰው በሐምሌ የሚያደርገው ሒሳብ እኛ በክፍል ውስጥ ከምናስተምረው ሒሳብ ስለሚከብድ ነው።

የአገራችን የተማረ ሰው ስለ ገበሬ መናገር የጀመረው ዛሬ አይደለም። በየካቲት 1957 ዓ.ም. የዩኒቨርሲቲ ተማሪዎች «መሬት ለአራሹ» ብለው ወጡ። የካቲት 25 ቀን 1967 ዓ.ም. የገጠር መሬት ዐዋጅ ታወጀ። በዚያው ዓመት ወደ 60,000 የሚጠጉ ተማሪዎችና መምህራን በዘመቻ ወደ ገጠር ተላኩ። በእኛም ዘመን ወጣቶች በክረምት በጎ ፈቃድ አገልግሎት የአረጋውያንን ቤት ሲያድሱ፣ ችግኝ ሲተክሉ እናያለን። ይህ ሁሉ ታላቅ ነገር ነው። ሆኖም ስለ ገበሬ መናገርና ገበሬን መጠየቅ ሁለት የተለያዩ ሥራዎች መሆናቸውን ማንም ይረዳዋል።

አንድ ምሳሌ ልስጣችሁ። በ1970ዎቹ ዓመተ ምሕረት፣ በአዲስ አበባ ለአፍሪካ የተቋቋመው ዓለም አቀፍ የከብት ምርምር ማዕከል ባለሙያዎች፣ ሁለት የተለመደ ማረሻ አገናኝተው በበሬ የሚጐተት መደብ መሥሪያ አበጁ። የእኔ እናት በእጇ ታፍሰው የነበረውን ጭቃ በሬ እንዲሠራው ማለት ነው። ከሰማይ የወረደ ማሽን አልነበረም፤ ገበሬው የያዘውን ማረሻና የለመደውን መደብ መነሻ አድርጎ የተሠራ ነው። ዕውቀት ዝቅ ብሎ ሲጠይቅ እንዲህ ያለ ነገር ያገኛል። መሣሪያው በሁሉም ደጅ አለመድረሱ ደግሞ ሌላ ጉዳይ ነው፤ የቢሮ ሰዎች የሆናችሁ አንባቢዎቼ ከእኔ ይልቅ ምክንያቱን ታውቁታላችሁ።

ወደ ልጅቱ ልመለስ። በዚያ ክረምት ወደ አዲስ አበባ የምመለስበትን ቀን አዘግይቼ አረም አረምሁ። ጎበዝ አራሚ አልነበርሁም፤ ከአረሙ ጋር ስንዴውንም እንደነቀልሁ ወንድሜ ይመሰክራል። ልጅቱ ግን በመስከረም ትምህርት ቤት ገባች። ደመወዝ ማግኘት ከጀመርሁ ወዲህ በየነሐሴው ለአራሚ የቀን ሠራተኛ የሚሆን ገንዘብ እልካለሁ። የመምህር ደመወዝ ምን ያህል እንደሆነ ታውቃላችሁና ብዙ ነው ብዬ አልመካም፤ ከሻይና ከማኪያቶ የተቀነሰ ነው። ልጅቱም በክፍሏ አንደኛ አትወጣም፤ ሒሳብ ይከብዳታል። ነገር ግን «ለከርሞ» የሚባል ቃል እስካሁን አልደረሰባትም። ለወንድሜ ያለብኝን ዕዳ በዚህ ከፈልሁ አልልም። አሥራ አንድ ከርሞ የሚመለስ ነገር አይደለም።

አሁን እናንተን ልጠይቅ። በቤታችሁ ውስጥ እናንተ እንድትማሩ የቀረ ሰው ማን ነው? ታላቅ ወንድም ይሆናል፤ ውኃ ስትቀዳ የኖረች እኅት ትሆናለች፤ አንዲት መቀነቷን ፈትታ የሰጠች አክስት ትሆናለች። ብዙዎቻችን ብንፈልግ አንድ ሰው አናጣም። ያን ሰው በዚህ ክረምት ጠይቁት። መሄድ የምትችሉ ሂዱ። መንገዱ በጭቃ ወይም በጸጥታ ምክንያት የተዘጋባችሁ ስልክ ደውሉ፤ ከልብ ካለቀሱ እንባ አይገድም። ስትጠይቁም «ሰላም ነው?» ብላችሁ አትዝጉ። ዘሩ በቃ ወይ? ማዳበሪያው በስንት ተገዛ? በመስከረም ከትምህርት የሚቀር ልጅ አለ ወይ? በሉ። መልሱ ኪሳችሁን ሊነካ ይችላል፤ የማይነካ ጥያቄ ግን ባይጠየቅም ምንም አይጎድልም።

ቡሄ ካለፈ ክረምት የለም ይላሉ አባቶች። ነሐሴ 13 ቅርብ ነው፤ ጅራፉ ሊጮኽ፣ ሙልሙሉ ሊጋገር ነው። ጳጉሜን ትከተላለች፤ ከዚያም ዐደይ አበባ ይዘው ልጆች በየደጃችን ይመጣሉ። ሁላችንም ያን ጊዜ «እንኳን አደረሰህ፣ እንደምን ከረምህ?» መባባላችን አይቀርም።

እንግዲህ ዘንድሮ ስትሉት፣ መልሱን ቆማችሁ ስሙ። እኔም ለወንድሜ ልደውል ነው።

መልካም ክረምት።