በፈቃድ የተሰጠና በግድ የተነቀለ

ጦርነት በመጣ ጊዜ የሰው ሀብት ሁሉ የመንግሥት ነው የሚሉ ሰዎች አሉ። ለነገራቸውም ምስክር አድርገው የሚጠሩት የእንግሊዝን ሕዝብ ነው። በሁለተኛው የዓለም ጦርነት፥ ከ1934 ዓ.ም. መጀመሪያ አንሥቶ፥ የእንግሊዝ መንግሥት በየቤቱ ደጃፍና በየመናፈሻው ቅጥር ላይ የቆመውን የብረት አጥር እያስቆረጠ ለጦር መሣሪያ ይሁን ብሎ ሰብስቦ ነበርና፥ «እነሆ፥ የሠለጠነ ሕዝብ አጥሩን ሳያጕረመርም ሰጠ» ይላሉ። ነገር ግን ምስክራቸውን ጠሩት እንጂ ቃሉን እስከ ፍጻሜው አልሰሙትም።

አጥሩ የተነቀለው በሕግ ትእዛዝ ነው እንጂ በባለቤቱ ልመና አይደለም። ከተሰበሰበውም ብረት ምን ያህሉ እቶን እንደ ገባ፥ ምን ያህሉም ያለ ሥራ ወድቆ እንደ ቀረ፥ የአገሩ ሰዎች እስከ ዛሬ ይከራከሩበታል። የተቈረጠው ብረት ጕቶ ግን በድንጋዩ ግንብ ላይ ተተክሎ እንደ ቀረ በብዙ ከተማ ይታያል። ዕቃው ወዴት እንደ ደረሰ ያልተነገረው ሰው፥ ለአገሩ መስጠቱን በምን ያውቃል?

«እንግዲያስ ሕዝብ ወዶ ከሰጠ ይበቃል» የሚል ቢኖር፥ እርሱም አይበቃም። ኢጣልያ ኢትዮጵያን በወረረችበት ዘመን፥ ታኅሣሥ 8 ቀን 1928 ዓ.ም. የኢጣልያ ሴቶች የጋብቻቸውን የወርቅ ቀለበት እያወለቁ ሰጥተው የብረት ቀለበት ተቀበሉ፤ ንግሥቲቱም ከሰጪዎቹ አንዷ ነበረች። የነገሩ ሰም የአገር ፍቅር ነበረ፤ ወርቁ ግን በኢትዮጵያ ሕዝብ ላይ ለወረደው ቦምብና መርዝ ስንቅ ሆነ። በሲና በረሃ ለጥጃው የተሰጠውም የጆሮ ጕትቻ በፈቃድ የተሰጠ እንደ ነበረ ሊቃውንት ያውቁታል።

ይህ ነገር የባሕር ማዶ ብቻ አይደለም። እንጅባራ የቀርከሃ አገር ነው፤ የገበሬው አጥር ከቀርከሃ እንጂ ከብረት አልነበረም። ቢሆንም ቀርከሃም ከጦር አያመልጥም። የዱሮ ሠራዊት በሰፈረበት ሁሉ የባላገሩን አጥርና ቤት እያፈረሰ ማገዶ ያደርግ ነበር። አጥር ሲወሰድ የሚጠፋው እንጨቱ ብቻ አይደለም፤ «እስከዚህ የእኔ ነው» የሚለው የድሃው ቃልም አብሮ ይነዳል።

ከአጥርም አልፎ ቅጽሩን የደፈረ አለ። ዐፄ ቴዎድሮስ አገር አንድ ለማድረግ የደከሙ ንጉሥ ነበሩ፤ ለሠራዊታቸው ብለው የቤተ ክርስቲያንን መሬት ወሰዱ፤ በ1859 ዓ.ም. ደግሞ የጐንደርን አብያተ ክርስቲያናት ንዋይ አስበዝብዘው ወደ መቅደላ አጋዙ። በሚያዝያ 1860 ዓ.ም. መቅደላ ሲወድቅ ያ ሁሉ ንዋይ በአንድ ስፍራ ተከማችቶ እንግሊዞችን ጠበቃቸው፤ በዝሆንና በበቅሎም ጭነው ወሰዱት። ከዚያ የሄዱ ታቦታት ዛሬም በለንደን የእንግሊዝ ሙዚየም ይገኛሉ። በኤዲንብራ ከተማ በአንድ ቤተ ክርስቲያን ቁም ሣጥን ውስጥ የተገኘ አንድ ታቦት ግን በ1994 ዓ.ም. ወደ አገሩ ተመለሰ። በግድ የተነሣ ንዋይ ለሁለተኛው ቀማኛ የተዘጋጀ ሆነ።

«አገር ስትወረር ታዲያ ምን ይደረግ?» ለሚል፥ መልሱ እዚያው በእንጅባራ አለ። የአዊ ሕዝብ ለዐድዋም ለአርበኝነቱም ዘመን ፈረሱን ይዞ የወጣ ሕዝብ ነው። በ1932 ዓ.ም. የተመሠረተው የሰባት ቤት አገው ፈረሰኞች ማኅበር ያን ውለታ በየዓመቱ ጥር 23 ቀን፥ በቅዱስ ጊዮርጊስ በዓል፥ ፈረስ እያስጌጠ ያስባል። የሰጠ በዓል ያደርጋል፤ የተቀማ ሙግት ያወርሳል።

የዚህም ሥርዓት በኦሪት ዘፀአት ተጽፏል። ለደብተራ ኦሪት የሰጠ ልቡ ያስነሣው ሰው ነው፤ በበቃም ጊዜ ሙሴ ሕዝቡን ከማምጣት ከለከለ፤ የገባውም ሁሉ በካህኑ በአሮን ልጅ በኢታምር እጅ ተቈጠረ። ፈቃድ፥ ልክ፥ ቍጥር፦ ከእነዚህ አንዱ የጐደለው መባ ሊባል አይገባውም።

ስለዚህ ጦርነት በመጣ ቍጥር «ለአገር ነው» ብሎ እጁን የሚዘረጋ ሹም ለምን እንደሚወስድ ይናገር፥ የወሰደውን ይጻፍ፥ የተረፈውን ይመልስ። ካህናትም ከወቀሳው አያመልጡም። ንዋየ ቅድሳቷን በመዝገብ ያላሰፈረች ደብር፥ ንዋይዋ በጠፋ ጊዜ ምን ብላ ትከስሳለች? አናብስቱ ሲመጡ የሚፈለገው በር ሳይሆን፥ አስቀድሞ የተዘጋ በር ነው።