«ባለቤቴ ደህና ናቸው»

አማርኛ መደበቅ ለሚፈልግ ሰው አንድ ጓዳ አለው። «ባለቤቴ» ሲባል ወንድ ይሁን ሴት አይታወቅም። ጉዱ የሚወጣው ግሡ ላይ ሲደረስ ነው፤ «መጣ» ወይም «መጣች» ማለት ግድ ነው። እኔ ስድስት ዓመት ሙሉ ያመለጥኩት በአንቱታ ነው። ከዋሽንግተን ዳር ባለ ሆስፒታል የሌሊት ተረኛ ነርስ ነኝ። ሐበሾቹ እረፍት ክፍል ተሰብስበን ምሳ ዕቃችንን ስንከፍት፣ በዕድሜ የሚበልጡኝ አንዲት ባልደረባ «ባለቤትሽስ ደህና ነው?» ይሉኛል። «ደህና ናቸው፣ እግዚአብሔር ይመስገን» እላለሁ። ለባሌ ያለኝን አክብሮት ያደንቁልኝ ነበር። እኔ ግን አብራኝ የምትኖረውን ሴት በየሌሊቱ እክዳት ነበር።

የባለቤቴ እናት ያረፉት በክረምት ነው። ጠዋት ባልቲሞር ቀብረናቸው ማታ ሺፍቴን ገባሁ። የሐዘን ፈቃድ አልጠየቅኩም፤ ብጠይቅ «ማን ሞተብሽ?» መባሌ አይቀርማ። መድኃኒት ክፍል ገብቼ አለቀስኩ፤ ፊቴን ታጥቤ ወጣሁና የበሽተኛ ደም ግፊት ለካሁ።

ከዓመት በኋላ ነው የሆስፒታሉ የኤል.ጂ.ቢ.ቲ. ሠራተኞች ኅብረት ስብሰባ ላይ እየፈራሁ የተገኘሁት። ስምንት ሰዎች ነበሩ። የዚያን ቀብር ነገር ስናገር አንድ የጽዳት ክፍል ባልደረባ ስልኩን አውጥቶ የሠራተኛውን መመሪያ ከፈተና ጣቱን መስመሩ ላይ አሳረፈ፤ የትዳር ጓደኛ ወላጅ ሲሞት ሦስት ቀን ፈቃድ አለ፣ የማንም የትዳር ጓደኛ ቢሆን። መብቱ በእጄ ነበር። የሚነግረኝ ሰው ነው ያልነበረኝ።

እድር ምን እንደሚያደርግ ለእኛ ሰው ማስረዳት አያስፈልግም። የሚገባበትም ቤት ውስጥ ሬሳ ሳይኖር ነው። ይህም ኅብረት ከዚያ አይለይም። ባለቤትን ኢንሹራንስ ላይ ለማስመዝገብ የትኛው ወረቀት እንደሚሞላ፣ የትኛው አለቃ ሰው እንደሚሰማ፣ ኤች አር ቢሮ ሲኬድ ማን አብሮ እንደሚሄድ የሚታወቀው እዚያ ነው።

ለብቻ መቆም ምን እንደሚመስል ለማወቅ ከዚሁ ከዋሽንግተን መራቅ አያስፈልግም። ዱፖንት ሰርክል አጠገብ በስማቸው የተሰየመ መንገድ ያላቸው ፍራንክ ካሜኒ የሥነ ፈለክ ምሁር ነበሩ። እ.ኤ.አ. በ1957 ተመሳሳይ ፆታ አፍቃሪ ናቸው ተብለው ከጦር ሠራዊቱ የካርታ መሥሪያ ቤት ተባረሩ። ብቻቸውን ተከራከሩ፤ በ1961 ጠቅላይ ፍርድ ቤቱ አቤቱታቸውን አላይም አለ። በዚያው ዓመት ማኅበር አቋቋሙ፤ በ1965 ከጓደኞቻቸው ጋር ዋይት ሐውስ ደጃፍ ላይ ሰልፍ ወጡ። መንግሥት ይቅርታ የጠየቃቸው በ2009 ነው።

የአሜሪካ ውጭ ጉዳይ መሥሪያ ቤት ሠራተኞች ደግሞ በ1992 ግሊፋ የሚባል ኅብረት መሠረቱ። ያኔ በማንነታቸው ብቻ የምስጢር ሰነድ የማየት ፈቃዳቸውን የሚነጠቁ ነበሩ። ፕሬዚዳንት ክሊንተን ይህን በትእዛዝ የከለከሉት በ1995 ነው። አምባሳደር ማይክል ጌስት ግን በ2007 ሥራቸውን ለቀቁ፤ ምክንያታቸውን ሲናገሩ፣ መሥሪያ ቤቱ ለሌሎች ዲፕሎማቶች ሚስቶችና ባሎች የሚሰጠውን ጥበቃ ለሳቸው አጋር ነፍጓል አሉ። ከሁለት ዓመት በኋላ የውጭ ጉዳይ ሚኒስትሯ ሂላሪ ክሊንተን ያን ጥቅም ለሁሉም አደረጉት። ኅብረቱ በእነዚህ ዓመታት ሁሉ ሲጠይቅና ሲወተውት ነበር።

«አሁን ሕግ አለ፣ ኅብረቱ ለምን?» የሚሉኝ አሉ። እውነት ነው፤ በ2020 ጠቅላይ ፍርድ ቤቱ በቦስቶክ ጉዳይ 6 ለ3 ሲወስን ሰውን ተመሳሳይ ፆታ አፍቃሪ ነው ብሎ ከሥራ ማባረር ሕገ ወጥ ሆኗል። ሕግ ግን እራት ሰዓት ላይ አጠገብሽ የሚቀመጥ ሰው አያመጣልሽም። መመሪያውን ከፍቶም አያሳይሽም። በ2025 መጀመሪያ ደግሞ በርካታ የፌዴራል መሥሪያ ቤቶች እንዲህ ያሉ ኅብረቶቻቸውን ዘግተዋል። ያለው ኅብረት ሁልጊዜ ይኖራል ማለት አይደለም።

የኛ ሰው ፍርሃት ሌላ ነው፤ አውቀዋለሁ። ወሬው ከእረፍት ክፍሉ ወደ ቤተ ክርስቲያን፣ ከዚያ ወደ አዲስ አበባ ይደርሳል። እዚያ ደግሞ የወንጀል ሕጉ አንቀጽ 629 የተመሳሳይ ፆታ ግንኙነትን በወንጀል ይቀጣል፤ እናትና አባት ይኖራሉ፤ ጎረቤት አለ። ስለዚህ ማንንም «ውጪና ተናገሪ» አልልም። እኛ ስብሰባ ላይ የሚባለው እዚያው ይቀራል። ሁለት ዓመት እየመጣች አንድም ቃል ያልተናገረች ልጅ አለች፤ ማንም አልጠየቃትም። ለእኔ የኅብረቱ ትልቁ ጥቅም ይኸው ነው፤ ሰው ሳይዋሽ ዝም ማለት የሚችልበት አንድ ክፍል።

ባለፈው ወር እኚያ በዕድሜ የሚበልጡኝ ባልደረባዬ እንደ ልማዳቸው ስለ ባለቤቴ ጠየቁኝ። «ደህና ናት» አልኳቸው። ሹካቸውን አስቀመጡ። ረጅም ጊዜ ዝም አሉ። ከዚያ ሌሊት ወዲህ ሌላ ጠረጴዛ ላይ ነው የሚቀመጡት፤ ይህ ያመኛል፣ ምክንያቱም እወዳቸዋለሁ። ያን ሌሊት ሺፍቴን ስጨርስ ግን የኅብረቱ ሰዎች መኪና ማቆሚያው ላይ ቡና ይዘው ጠበቁኝ።

በየሆስፒታሉ፣ በየሆቴሉ፣ በየአውሮፕላን ማረፊያው የምትሠሩ ወገኖቼ፤ በመሥሪያ ቤታችሁ እንዲህ ያለ ኅብረት ካለ ብዙውን ጊዜ ለሁሉም ሠራተኛ ክፍት ነው፣ ለመግባት ማንነታችሁን መናገር የለባችሁም። አንዲት ባልደረባችሁ «ባለቤቴ ደህና ናቸው» ብላ ዓይኗን ስትሰብር ካያችሁ፣ ሌላ ጥያቄ አትጨምሩባት። ስብሰባው መቼ እንደሆነ ብቻ ንገሯትና አብራችኋት ሂዱ።