ከጽዋው በኋላ ያለው አገልግሎት

ከአምቦ ወደ ወሊሶ በሚወስደው መንገድ ላይ ያለችው ወንጪ ዛሬ ስሟ ከሀገር አልፎ ተሰምቷል። በ2014 ዓ.ም. የተባበሩት መንግሥታት የዓለም ቱሪዝም ድርጅት ከምርጥ የቱሪዝም መንደሮች አንዷ አድርጎ መርጧታል፤ በገበታ ለሀገር ፕሮጀክትም ማረፊያ ተሠርቶላታል። ሐይቋን ያየ ሁሉ ያደንቃታል። እኔ ግን ዛሬ የማነሣው በሐይቁ ውስጥ ካለችው ደሴት ላይ፣ በጀልባ ተሻግረው ስለሚሳለሟት የወንጪ ቂርቆስ ቤተ ክርስቲያንና ስለ ባለ ታቦቱ ነው።

ቤተ ክርስቲያን እንደምትተርከው ቂርቆስ የ3 ዓመት ሕፃን ሳለ ከእናቱ ከኢየሉጣ ጋር ስለ እምነቱ ተይዞ፣ ውኃው እየፈላ ከሚንተከተክ ጋን ፊት ቀረበ። የፍላቱን ድምፅ ስትሰማ የእናቲቱ ልብ ራደ። ያን ጊዜ ያጸናት ሕፃኑ ነው። ከዚያ በኋላ መልአኩ ገብርኤል እሳቱን አበረደላቸው፤ ሐምሌ 19 ቀንም ይህንኑ እናከብራለን። ብዙ ጊዜ የሚሰበከው ተአምሩ ነው። እኔ የምቆመው ከተአምሩ በፊት ባለችው ሰዓት ላይ ነው። ኢየሉጣ ልጇን በእምነት ያሳደገች እናት ናት፤ በዚያች ሰዓት ግን ደከመች፤ ስትደክም የሚያበረታት ሰው አጠገቧ ነበር። ክርስቲያን ብቻውን እንዲቆም ያልተተወው ለዚህ ነው። ዛሬ የበረታው ነገ ይደክማል፣ ትንሹም ለትልቁ ይደርስለታል።

የጽዋ ማኅበር ሥርዓታችን የቆመው በዚሁ እውነት ላይ ነው። ሚካኤል በ12፣ ማርያም በ21፣ መድኃኔ ዓለም በ27 ሲውል ማኅበርተኛው በተረኛው ቤት ይሰበሰባል፤ ካህኑ ይባርካል፣ ዳቦው ይቆረሳል፣ ጠላው ይቀዳል፣ በመጨረሻም ጽዋው ለሚቀጥለው ተረኛ ይተላለፋል። የማኅበሩ ጥበብ ተራው ላይ ነው። በዚህ ወር ያበላው ነጋዴ በሚመጣው ወር ከአንዲት መበለት ቤት እንግዳ ሆኖ ይቀመጣል። እሷም ተቀባይ ብቻ ሆና አትቀርም፤ ቀን ሲደርስ ታስተናግዳለች፣ ትመረቃለች። ሌላም ጥቅም አለው። ከሰው ቤት የገባ ሰው የሚያፈሰውን ጣራ፣ ከትምህርት የቀረውን ልጅ፣ አልጋ ላይ የዋለውን አዛውንት በዓይኑ ያያል። በቤተ ክርስቲያን ቅጥር ሰላም ተባብለን ስንለያይ ይህ ሁሉ አይታየንም።

ይህ መልካም ሥርዓት ዛሬ በሁለት ነገር እየተጎዳ ነው። አንደኛው ድግሱ መብዛቱ ነው። ዳቦና ጠላ ይበቃ የነበረው በፉክክር ወደ ፍሪዳና ቢራ ሲያድግ፣ አቅም የሌለው ተራው ሳይደርስ አፍሮ ይቀራል። ማኅበሩ ሊደግፈው የሚገባውን ሰው ራሱ ገፍቶ አስወጣው ማለት ነው። ሁለተኛው፣ የቀረውን ሰው በመቅጫ ብቻ ማሰባችን ነው። ለምን እንደቀረ ሄዶ የሚጠይቀው ከሌለ መቅጫው ለማንም አይጠቅምም።

ወንጪ እንሰትና ገብስ የሚበቅልባት ደጋ ናት። እንሰት መፋቅ የሴቶችን ወገብ የሚያጎብጥ ሥራ ነው። ለታመመች ጎረቤት እንሰቷን መፋቅ፣ ባሏ ለሞተባት በደቦ ወጥቶ ገብሷን ማጨድ፣ ጤና ጣቢያ የሚሄደውን በፈረስ አድርሶ መመለስ፣ ይህ ሁሉ አገልግሎት ነው። ጌታችን በጸሎተ ሐሙስ የደቀ መዛሙርቱን እግር ሲያጥብ ያሳየንም ይህንኑ ነው። በየቤቱ ለጸሎት የሚሰበሰቡ የወንጌላውያን ወገኖቻችንም ይህን ያውቃሉ። መካነ ኢየሱስ ቤተ ክርስቲያን በ1964 ዓ.ም. ለዓለም ሉተራውያን ፌዴሬሽን በላከችው ደብዳቤ ወንጌልን መስበክና የሰውን ችግር ማቃለል ሊነጣጠሉ እንደማይገባ ሞግታለች። በወቅቱ ዋና ጸሐፊዋ የነበሩት ቄስ ጉዲና ቱምሳ በሐምሌ 1971 በደርግ ዘመን ተገድለዋል፤ ነፍስንና ሥጋን ሳይለዩ ሰውን በሙሉ የማገልገል ትምህርታቸው ግን ዛሬም ይጠቀሳል።

ስለዚህ በየማኅበሩ ያላችሁ ሙሴዎችና ማኅበርተኞች፣ አንድ ነገር ልለምናችሁ። በሚመጣው ወር ስትሰበሰቡ ድግሱ ከዳቦና ከጠላ እንዳያልፍ ወስኑ። ጽዋው ከመነሣቱ በፊት የቀሩት ሰዎች ስም ይጠራ፤ ሁለት ሁለት ሰው እየተመደበም በዚያው ሳምንት ቤታቸው ሄዶ ይጠይቃቸው። ከድግሱ የተረፈው ገንዘብ የታመመውን ያሳክም፣ የተማሪውን ደብተር ይግዛ። ማኅበራችን የሚመዘነው በማኅበሩ ዕለት በቀረበው ማዕድ ሳይሆን በቀሩት 29 ቀናት ለወንድማችንና ለእህታችን በደረስንላቸው ልክ ነው።