ብቻውን ስለሚነዳ ባለቢስክሌት

ከሐይቅ እስጢፋኖስ ወደ ደሴ የሚያወጣውን ዳገት በቢስክሌት የሞከረ ወጣት፥ ጉልበት ምን ያህል ፈጥኖ እንደሚከዳ ያውቃል። እንግዲህ ይህን የመሰለውን መንገድ፥ አስፋልትም ሳይኖረው፥ ቀንና ሌሊት ያለ ተተኪ የሚነዱ ሰዎች አሉ።

በአሜሪካ አገር በዌስት ቨርጂኒያ «የከነዓን 24 ሰዓት» የሚባል የተራራ ቢስክሌት ውድድር ነበረ፤ በደንቡም አራት ሰዎች እየተፈራረቁ ይነዱ ነበር። እንደ አውሮፓ አቆጣጠር በ1996 ዓ.ም. ግን ጆን ስታምስታድ የተባለ ሰው የራሱን ስም በአራት ዓይነት ጽፎ ተመዘገበና የአራቱን ድካም ብቻውን ተሸከመ። (ጽናቱን አደንቃለሁ፤ የስሙን ብልሃት ግን ለተማሪዎቼ አላስተምርም።) ከዚያ ወዲህ ብቻቸውን ለሚነዱ የተለየ ምድብ ተከፈተላቸው።

ለአገራችንም ቢስክሌት እንግዳ አይደለም፤ በ1949 ዓ.ም. ገረመው ደንቦባና ጓደኞቹ በሜልበርን ኦሎምፒክ ተወዳድረዋል።

ወላጆች ሆይ፥ ልጃችሁ ለብቻዬ ደሴ ደርሼ ልመለስ ቢላችሁ አትቈጡት። አደጋው ሲወጣ አይደለም፤ ሲመለስ ነው። እጁ ዝሎ ፍሬኑን አጥብቆ መያዝ ሲሳነው፥ ዓይኑም በእንቅልፍ ሲከብድ፥ ቁልቁለቱ አይታገሠውም። ስለዚህ ውሃና ቈሎ አስይዛችሁ ስደዱት፤ ከመሸበት ግን ደሴ ካለ ዘመድ ቤት እንዲያድር አስቀድማችሁ ንገሩት።